እማዬ ፊት ቁርስ መብላት

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ሽንቴን አየሁ። ቢጫ ነው፣ ደህና ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ሆነ፣ ማስታወሻዬ።

የምርመራ ውጤቴ መጣ። ፖርፊሪያ። እህቴን ረድኤትን የገደላት በሽታ። በዘር ይተላለፋል። ላያመኝም ይችላል። የሚቀሰቅሱት፦ አንዳንድ መድኃኒት፣ መጠጥ፣ ጭንቀት፣ በተለይ ረጅም ረሃብ። ዶክተሯ ቁርስ እንዳልዘል አስጠነቀቀችኝ። እኛ ሐኪሞች የቦሮች፣ የዚህ አገር ነጮች፣ በሽታ ነው ስንል እናንተ ሐበሾች ከየት አመጣችሁት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እማዬ ግን ሂልብሮው፣ ሰፈራችን፣ እስክንደርስ ታክሲ ውስጥ ጸሎቷን ስትደግም መጣች።

ዓርብ፣ የካቲት 6

የሒሳብ ፈተና። ምንም አይልም።

ረድኤትን ሳስብ ዋልኩ። ባለፈው ፍልሰታ መጀመሪያ ሆዷን አመማት። ከዚያ ማስመለስ። ከዚያ እግሯ ደረጃ መውጣት አቃተው። ሽንቷ እንደ ኮካ ኮላ ጠቆረ። አንድ ቀን እኔን አንተ ማነህ አለችኝ። መንፈስ ነው አልን። ስለዚህ ጸበል፣ በባዶ ሆድ። ሲብስባት ጾሙን ጨመርንላት። ሆስፒታል ስንደርስ መተንፈስ አቅቷት ነበር።

ማታ እማዬ ሰኞ ስለሚገባው ዐቢይ ጾም አነሳች። ለረድኤት ነፍስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አብረን እንጾማለን አለችኝ። ዶክተሯስ አልኳት።

«ፈረንጅ ስለ ጾም ምን ያውቃል?»

ዶክተሯ ጥቁር ናት፣ እዚሁ የሶዌቶ ልጅ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

እማዬ ዶክተሯን መስማት ለምን እንዳልፈለገች አሁን ገባኝ። እኔ ቁርስ ከበላሁ ረድኤትን የጎዳት ረሃብ ነው ማለት ነው። ጸበሉን በባዶ ሆዷ ያጠጣቻት ደግሞ እማዬ ናት።

ትምህርት ቤት ተደብቄ ብበላስ? ዘጠኝ ሰዓት ከእሷ ጋር ጾም እፈታለሁ። ማንም አይጎዳም።

እሑድ፣ የካቲት 8፣ ቅበላ

ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ የታመመ ይብላ» አሉኝ።

ለእማዬ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኩ። እነግራታለሁ፣ ግን አንተ ቅደም፤ ከእኔ አፍ ስትሰማው ፍርድ ይመስላታል አሉ።

ቤት ዶሮ ነበር። እማዬ ትልቁን ብልት አወጣችልኝ። «ብላ እንጂ፣ ከነገ ጀምሮ የለም» ስትለኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ምን ሆንክ አለች። በርበሬው ነው አልኩ። ፈሪ።

ሰኞ፣ የካቲት 9፣ ጠዋት

ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ። እማዬ መኝታ ቤት እየጸለየች ነው። ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ ቀባሁ። የጾም ነው፣ ሰዓቱ ብቻ ነው የሚፈርሰው። ቦርሳዬ ውስጥ ልከተው ስል ተውኩት። ጠረጴዛው ላይ ነው የምበላው፣ እሷ እያየችኝ። ያኔ አላወቅንም፣ አንቺም አላወቅሽም፣ አሁን ግን አውቀናል እላታለሁ። ብትቆጣም፣ ብታለቅስም በልቼ ነው የምነሳው።

ጸሎቷን ጨርሳለች። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ «እማዬ፣ ቁጭ በይ» እላታለሁ።