ጉበት አይደለም

ለበኩር ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ ደህና ነው? ያዘኝ ያልከኝ ወገብህ ለቀቀህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ያ በየስልኩ የምታወራለት መኪናህ ሁሉም ደህና ናቸው? ምላስህን አልጠይቅም፤ እሱ ደህና መሆኑን ባለፈው እሑድ ሰምተናል። እኔ እግዜር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። አባትህ ግን እንደተኛ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ስልክ ላይ አንተ ትናገራለህ፣ እኔ «እሺ» እላለሁ። ወረቀት ላይ ግን መሃል ገብተህ አታቋርጠኝም። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅናዬ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

እሑድ ዕለት እዚህ የሆነውን አታውቅም። አጎትህ፣ ያ ሁሉን ካላወቅሁ ባይ የአባትህ ወንድም፣ ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን የሕክምና ወረቀት በስልኩ አንስቶ ላከልህ። «የጉበት ካንሰር» ይላል። ወዲያው ደወልክ። «ድሮስ፣ ሲጠጣ ኖሮ ምን ሊይዘው ኖሯል? የእጁን ነው ያገኘው» አልክ። አጎትህ «አባዬ እንዴት ነህ» ስትለው ይስማ ብሎ፣ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ አባትህ ደረት ላይ አስቀምጦት ነበር። አባትህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ ነርሷ መድኃኒቱን ልትሰቅልለት ስትመጣ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተ። «ለሚገባው ሰው ስጡት» አላት። ይኸው እስካሁን አልወሰደም።

ጠጥቶ አያውቅም አልልህም። ጠጥቷል፤ አንተም ያየኸውን አይተሃል። ግን የተወው አንተ ጢም ሳታበቅል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን የት ጣልከው? የአንተ ትዝታ ወንፊት ነው፤ ዱቄቱን ጥሎ እብቁን ይይዛል።

ማክሰኞ ዶክተሯ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ጫማዋ ግን ከእኔ ጫማ የባሰ አልቋል። ወረቀቱን ስታይ ተናደደች። «እኔ ‹ጉበት ላይ ተገኘ› አልኩ እንጂ መቼ የጉበት ካንሰር አልኩ?» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ካንሰሩ ሌላ ቦታ ተነስቶ ወደ ጉበቱ የተሰራጨ ነው። ሆዱን በቱቦ አይተው፣ ደረቱን ራጅ አንስተው፣ ከጉበቱም ናሙና ወስደው የተነሳበትን ቦታ አላገኙትም። ስለዚህ የሚጻፈው «መነሻው ያልታወቀ» ተብሎ ነው፤ መድኃኒቱም ከጉበት ካንሰር መድኃኒት ይለያል። መጠጥ ነው ያመጣበት ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አላውቅም እናቴ። በማላውቀው ነገር አልፈርድበትም» አለችኝ። አላውቅም ስትል ከክብሯ ምንም አልጎደለባትም።

በማስታወሻ ጽፋ ሰጠችኝና በማግስቱ ወደ መዝገብ ክፍሉ ወረድኩ። ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለች፣ መስኮቷ የማይከፈት ክፍል ናት። የሰውን በሽታ ወደ ኮድ እየቀየረ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ አንድ ጎልማሳ ብስኩት እየበላ ተቀምጧል። «ማዘር፣ ማሽኑ ባዶ ቦታ አይቀበልም። እብጠቱ የተገኘው ጉበት ላይ ነው፣ ጉበት አልኩ። ምን ይጨምራል፣ ምን ይቀንሳል?» አለኝ። ማዘር ይለኛል፤ እኔ ብወልደው ኖሮ ቢያንስ አፉን ሞልቶ ሰው አያናግርም ነበር። «ሌባ እኔ ቤት ገብቶ ቢያዝ እኔ ወለድኩት ማለት ነው?» አልኩት። አጠገቡ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሳቅ አመለጣት። «አይታወቅም የሚል ኮድ እኮ አለን። እሱ ፈርቶ ነው፤ አይታወቅም ሲበዛ አለቃችን ሰንፋችኋል ይለናል» አለችኝ።

አየህ፣ ሰነፍ ላለመባል ብለው በሰው ጉበት ላይ ይፈርዳሉ። አንተም የእነሱው ወንድም ነህ፤ አላውቅም ከምትል አባትህን ብትቀብር ይቀልሃል። ሰውዬው እያጉረመረመ ማስታወሻውን ተቀበለኝ። ጉበቱን «የተሰራጨበት»፣ መነሻውን «ያልታወቀ» አደረገው። አዲሱ ወረቀት ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ከፊቱ አልተነቃነቅኩም።

ይዤው ወጣሁና ለአባትህ አነበብኩለት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴ። እስከ መጨረሻው ካዳመጠኝ በኋላ «ልጁ ሰምቷል?» አለኝ። አልሰማም አልኩት። «እንግዲያው ለእኔ ያው ጉበት ነው» ብሎ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

የአንተ ቃል እኔ ዘንድ ሚዛን አይደፋም። እሱ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ከሐኪም ይልቅ አንተን ያምናል። ዶክተሯ የመድኃኒት ተራውን እስከሚመጣው ረቡዕ ልትይዝለት ተስማምታለች፤ ከዚያ ካለፈ ሰውነቱ መድኃኒቱን የሚችል አይመስላትም። ይድናል አላለችኝም፤ ጊዜ ያገኛል ነው ያለችኝ። ደብዳቤውን የምታመጣልህ የጎረቤታችን የሾፌሩ ሚስት ናት፤ ነገ ተነስታ ቅዳሜ እናንተ ዘንድ ትገባለች። ስለዚህ አልደረሰኝም ማለት አትችልም። ደውል፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። ይቅርታ መጠየቅ አልለመድክምና ቢያቅትህ አልፈርድብህም። «አባዬ፣ እጅህን ስጣቸው» በለው፣ ይበቃዋል።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አንተን ችላ መኖሯን አደንቃለሁ። ለትልቋ ልጅህ ሹራቧን እዚሁ አልጋው አጠገብ እየሠራሁላት መሆኑን ንገራት፤ እጅጌው ብቻ ቀርቷል። ለትንሹ፣ በስልክ የነገረውን የዶሮ ታሪክ አያቱ ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ አውርቶታል በለው። ለአማትህም ጉልበቷን እግዜር ያበርታላት። አጎትህ ሰላም ብሎሃል፤ የእሱ ሰላምታ ርካሽ ነውና ውሰደው።

ከአባትህ የምልክልህ ሰላምታ ግን የለኝም። ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልህ ብዬ ጠይቄው ነበር። «ከፈለገ ራሱ ይጠይቀኝ» አለኝ።

እናትህ

ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከወንዶች ክፍል ደጃፍ
ሐሙስ፣ ኅዳር 19