ውጪ የቆመው ስም

ኩን ራፒድስ፣ ሚኒሶታ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ይልማ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እናትህስ በረቱ ወይ? እኔና ልጃችን ደህና ነን። ባለፈው ሐሙስ ሐኪሟ ስትመዝነው አምስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ዓይኑ ያንተ ነው፣ ግንባሩ የአባቴ። ይህን የምጽፍልህ ስለ ስሙ፣ እስኪል ስላልኩት ነው። በስልክ ጀምሬልህ ነበር፤ አንተ ተቆጣህ፣ መስመሩም ተቋረጠ። ሳይቋረጥ የዘጋኸውም መሰለኝ።

እናትህ ያሉኝን አልረሳሁም። "እስኪል? ማን ምን እስኪል?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸው አልሳቁም። እውነት ነው፣ በእኛ ቋንቋ ሲሰማ ያላለቀ ነገር ነው። እዚህም ሁሉም የየራሱን ይላል። አብራኝ የምትኖረው የሥራ ጓደኛዬ ዙለይሃ፣ ስሙ ፈረንጅ አፍ ላይ አይከብድም፣ ነገ ሥራ ሲያመለክት ይጠቅመዋል ብላ ወዳዋለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ደግሞ የክርስትና ስም ስለሚወጣለት ግድ የለም ይሉኛል፤ ዞር ስል ግን "አባቱ ማን ይሆን?" እንደሚባባሉ ሰምቻለሁ። ያንተም ቁጣ ከዚያ በኩል እንደመጣ ገብቶኛል። ስለዚህ ያልነገርኩህን ልንገርህ።

ፕሊማውዝ ከተማ ቤቷ እየሄድን የምንከባከባት አሮጊት፣ ሶልቬግ፣ ዘሯ ከስዊድን ነው፤ ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው። ለፋሲካ አንተ ጋ መጥቼ ስመለስ፣ ግንቦት ላይ፣ ሥራ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ተንበርክኬ ካልሲዋን ሳደርግላት እጇን ሆዴ ላይ አሳረፈችና "እስኪል" አለች። ስሜን የረሳች መስሎኝ "ስመኝ ነኝ" አልኳት።

"አንቺን አይደለም" አለችኝ።

እርጉዝ መሆኔን ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሺፍት በገባሁ ቁጥር በራሷ ቋንቋ ሆዴን ታዋራው ነበር። አንድ ቀን እስኪል ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። እናቷ እስኪል የሚባል ወንድ ልጅ ወልዳ ሞተባት። ቀጥሎ የመጣውንም እስኪል አለችው፣ እሱም ሞተ። ሦስተኛውም እንዲሁ። በነሱ ዘንድ የሞተውን ልጅ ስም ለተከታዩ መስጠት የተለመደ ነበር አሉ። ከሦስቱ አንዱም ዓመት አልሞላው። በመጨረሻ ሶልቬግ ተወለደች፤ ሴት ስለሆነች ስሙ ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። "ውጪ ቆሟል" አለችኝ፣ ስለ ዝናብና ብርድ እንደምታወራ ሁሉ በእርጋታ። "በሩን የማላስዘጋው ለዚህ ነው።" እውነቷን ነው። በረዶው ጉልበት ሲደርስ እንኳ የጓሮው በር ገርበብ ብሎ ነበር የሚውለው። ስዘጋው ታለቅስ ነበር።

ይልማ፣ ያኔ ያሰብኩት የመጀመሪያ ልጃችንን ነው። ሦስት ቀን ኖሮ፣ ስም ሳናወጣለት የቀበርነውን። አንተ አታነሳውም፣ እኔም አላነሳብህም። ግን ሰው ስላጣ ስም ሲያወሩኝ፣ ስም ሳያገኝ የሄደው ልጄ ከየት መጥቶ ፊቴ እንደተደቀነ አላውቅም።

ጥር 18 ስወልድ ልጁ አላለቀሰም። ሐኪሞቹ ተሯሯጡ። ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ከፍቶ ጣሪያውን ያያል፣ ድምፅ ግን የለም። ሳላስበው ከአፌ "እስኪል" ወጣ። አለቀሰ። ፎርሙ ሲመጣም የጻፍኩት ይህንኑ ነው። አንተ የመረጥከው ምትኩ እንደነበር አውቃለሁ።

በሃያኛው ቀን፣ አራስ ሆኜ መውጣት አልነበረብኝም፣ ዙለይሃ ድራይቭ አድርጋ ሶልቬግ ጋ ወሰደችን። እቅፏ ውስጥ አስገብቼ "እስኪል ይኸው" አልኳት። ልጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም" አለች።

ስለ ወንድሞቿ ስጠይቃት ወንድም ኖሯት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ከዚያ ቤቱ ለምን እንደቀዘቀዘ ጠይቃ ዙለይሃን የጓሮውን በር አስዘጋቻት። ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ቀልሏት አይቻት አላውቅም።

በዚያን ቀን ፈራሁ። አንተ ልክ ነህ ብዬ ስሙን ለማስቀየር ፎርም ሞላሁ። ማክሰኞ ጠዋት እየጠባ ሳለ "ከዛሬ ጀምሮ ምትኩ ነህ" አልኩት። ጡቴን ለቀቀ። እስከ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ምንም አልቀመሰም። አላለቀሰም፣ አልተኛም፤ ብቻ ያየኛል። ሐኪም ቤት ወስደነው ምንም አላገኙበትም። ስንመለስ ዙለይሃ በሩ ላይ ቆማ፣ ሳትጠጋን፣ "የሚፈልገውን ጥሪለት" አለችኝ። ጠራሁት። ወዲያው ጠባ። ፎርሙን ቀደድኩት።

አሁን ደህና ነው፣ እንዳትጨነቅ። ክርስትናው የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ቄሱ የሚያወጡለትን ስም ደውዬ እነግርሃለሁ። ዙለይሃ ትናንት ዕቃዋን ጭና ዉድበሪ የሚባል ከተማ ሌላ ቤት ገባች። ለሥራዋ ስለሚቀርባት ነው አለችኝ። ስትሰናበተኝ ልጁን አልሳመችውም፤ ጉንፋን ይዞኛል ብላ ነው። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሁለት ብቻ ሆነናል። ጸጥ ይላል። ደብዳቤው ሲደርስህ ደውልልኝና ስልኩን ጆሮው ላይ ላድርግለት፣ አንተም ጥራው። የእኔን ድምፅ ብቻ እየለመደ እንዲያድግ አልፈልግም። የቪዛውን ነገር ደግሞ ኤምባሲ ሄደህ አንድ ጊዜ ጠይቅልኝ፤ በዚህ ወር ይሳካ ይሆን?

ሌላውን ሁሉ ስትመጣ እናወራዋለን። ብቻ አንድ ነገር እመነኝ፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም።

እመቤቴ መንገድህን ታቅናልህ፤ ለእናትህ ጤናና ዕድሜ ትስጥልኝ። ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ባለቤትህ ስመኝ፣
እና እስኪል