አንድ የሻይ ማንኪያ ኮከብ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፤ የማተሚያ ቤቱ የእርማት ሥራዬም እንደተውከው ነው።

ይኸውልህ፣ ሰሞኑን ጉድ ሆኜልሃለሁ! አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ሰማይ የጻፉት መጽሐፍ ለእርማት ደረሰኝ። «ከሞተ ኮከብ የሚተርፈው የኒውትሮን ኮከብ፣ አንድ የሻይ ማንኪያው ከቢሊዮን ቶን በላይ ይመዝናል» ይላል። የታይፒስቷ ስህተት ነው ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና «አምስት ግራም» ብዬ አረምኩት። መምህሩ እየበረሩ መጡ። «ልጄ፣ ኮከቤን አቀለልሽብኝ እኮ! ቁጥሩ ልክ ነው!» ሲሉኝ እርማቴን ራሱን መልሼ ሰረዝኩት። እስካሁን ስኳር ልጨምር ማንኪያ ባነሳሁ ቁጥር እጄን ይከብደኛል።

ማክሰኞ ደግሞ አባባን ሐኪም ቤት ወስጄው ነበር፤ ያው ለምርመራ ነው። ነርሷ ክብደቱን ስትጽፍ አየሁና፣ የለመደብኝ ነገር ሆኖ፣ «እህቴ፣ ተሳስተሻል፤ እስቲ ድጋሚ መዝኚው» አልኳት። መዘነችው። ሦስተኛም አስመዘንኳት፤ ቁጥሩ ልክ ነበር። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት።

በል ሰላም ክረምልኝ፤ ዓይንህን ለማየት ያብቃን። አባባ «ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ ብለሽ ጻፊለት» ብሎኛል። እኔም እንዳለው ጽፌልሃለሁ። አንተ ግን አርመህ አንብበው።

እህትህ