የኢያኤል ኩሬ

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 2

ዛሬም በረዶ ጣለ። ኤፕሪል ገብቶ! የጠዋቱን ዙር ጨርሼ ባሱን ሳቆም ዱጋሳ ጠበቀኝ። አብረን የተማሪ ባስ ነጂዎች ነን፤ አፉ አያርፍም።

"አቦ ዋለ፣ ለእንቁራሪት ቪላ ሠራህ አሉ?"

ማን ነገረው? ሂሩት ለሚስቱ አውርታላት ነዋ። የኔ ሚስት ሆዷ ውስጥ ነገር አያድርም።

ምን ቪላ አለው... ኦክቶበር ላይ ጓሮ የቆፈርኩት ጉድጓድ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ አነጠፍንበት፣ ድንጋይ ደረደርን፣ ውሃ ሞላን። የጠየቀችኝ ኢያኤል ናት። ክፍሏን ዘግታ መዋል ከጀመረች ወዲህ ልጄ ከኔ የፈለገችው ነገር ይሄ ብቻ ነው። "ዳድ፣ ጓሮ ፖንድ እንሥራ?" ወገቤ እስኪቀነጠስ ቆፈርኩ።

ዛሬ አየሁት። ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ የበሰበሰ ቅጠል። ለዚህ ነው ወገቤን የሰጠሁት?

ይሄን ደብተር የትምህርት ቤቷ ካውንስለር፣ የምክር ባለሙያዋ ናት ለኢያኤል የሰጠቻት፣ የሚሰማሽን ጻፊበት ብላ። ኩሽና ጥላው ሰነበተች። ለምን ይበላሻል ብዬ እኔ ጀመርኩት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ጦርነት። በሯን በመዳፌ ደበደብኩ። "ተነሺ! የሰውን ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እያደረስኩ የራሴ ልጅ ትተኛ?" እንደገና ደበደብኩ። "አይም አፕ" አለች በመጨረሻ። ተነስታ ግን አልነበረም። ባሴ ይጠብቀኛል፣ ትቻት ወጣሁ።

የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። በዚህ ዕድሜ ምን ይደክማል?

አይ... እንደዚህ ማለቴን ራሴም አልወደውም። ጃንዋሪ ላይ ሐኪሟ "መሞት ትፈልጊያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። እኔ እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ። ልጄ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች "አላውቅም" አለች። አልፈልግም ብትል ምናለበት? ድፕረሽን፣ ድባቴ ነው አሉን፣ ኪኒን ጀመረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ በሩን የምከፍተው ጆሮዬን አስቀድሜ ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 18

ነገር መጣ! ከኩሬው ወገን ድምፅ... የማበጠሪያ ጥርስ በጥፍር ሲፋቅ እንደሚለው ዓይነት። ክርርርክ። ጠጋ ስል ዝም አለ።

"ዳድ፣ ዶንት ሙቭ።" ኢያኤል ናት፣ ከኋላዬ፣ ፒጃማዋን እንደለበሰች። እኔም እንደ ሌባ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ድንጋይ ሥር በጣቷ አሳየችኝ። የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያህል እንቁራሪት። ጉሮሮው ሲነፋ ከራሱ ይበልጣል።

ማን ነገረው ይሄን? ሰፈሩ ሁሉ አስፋልት ነው። በየት በኩል መጣ?

እራት ከኛ ጋር በላች።

እሁድ፣ ኤፕሪል 26

ቸርች ሁሉም ይጠይቃል። "ኢያኤል የት አለች?" "ጉንፋን ይዟታል" አልኩ። ስንት ወር የሚቆይ ጉንፋን ነው? ሂሩት ወለሉን ታያለች። ሌሊቱን ሆስፒታል ሠርታ ስለመጣች ዓይኗ ቀልቷል። እሷ ብትሆን እውነቱን ትናገር ነበር፤ እኔ ነኝ እንዳትናገር ያልኳት። የቸርቹ ሰው ሁሉ ልጄን በአዘኔታ እንዲያያት አልፈልግም።

ስንመለስ ኩሬው ውስጥ ዕንቁላል አለ። ደረቅ ጭራሮ ላይ የተጣበቀ፣ የተዘፈዘፈ ተልባ የመሰለ ዝልግልግ ነገር፣ መሃሉ ጥቁር ጥቁር ነጥብ። ኢያኤል በሆዷ ተኝታ ታያለች። አጠገቧ ልቀመጥ አስቤ... ቃል ሳላወጣ መቀመጥ አልችልም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ገባሁ።

ሰኞ፣ ሜይ 4

ዛሬ አወራች! እንጀራዋን እየቆረሰች አወራች። ጉርጥ መጥቷል፣ አንድ አይደለም ሦስት፤ ዕንቁላላቸው ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ነው፤ ውሃው ላይ የሚራመዱት ባለረጅም እግር ነፍሳት የማይሰምጡት እግራቸው ላይ ፀጉር ስላለ ነው። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛ። ሂሩት ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። አንዲት ቃል እንዳላበላሽ ብዬ እኔም አፌን በእንጀራ ሞላሁ።

ጥንድ ዳክዬም ጠዋት መጥተው ነበር። ኩሬው ጠበባቸው መሰለኝ፣ ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ጌታ ሆይ፣ እባክህ እንዲህ ይቀጥል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 12

አልቀጠለም።

ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቀጥታ ጓሮ። ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ተመለሰ። ዝናብ ያካፋል፣ እሷ ድንጋዩ ላይ። "ነይ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል።" ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ናት። "ኢያኤል! ከሰው ይልቅ እንቁራሪት ተሻለሽ?"

ዞራ አየችኝ። "ዘይ ዶንት አስክ ሚ ኤኒቲንግ" አለችኝ። ምንም አይጠይቁኝም ማለቷ ነው።

እኔስ ምን ጠየቅኳት? በላሽ፣ ተነሳሽ፣ ኪኒንሽን ዋጥሽ... ይሄ ጥያቄ ነው? ፈራሁ። ደግማ ወደ ጃንዋሪ እየሄደችብኝ ነው አልኩ። ለእህት ብዙነሽ ደወልኩ። የቸርቹ ጸሎት በእሷ ጫንቃ ነው፤ ለሰው ስትጾም ራሷን የምትረሳ ሴት ናት። ሁሉን ነገርኳት። የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ስልኩ ላይ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ረቡዕ፣ ሜይ 13

እህት ብዙነሽ መጣች። ልጅቷ ትምህርት ቤት፣ ሂሩት ከሌሊት ሥራ ገብታ ተኝታለች። የኢያኤልን በር ቀባች፣ አልጋዋን፣ ትራሷን። የያዘችው ትንሿ የጸሎት ዘይት አለቀች። ከዚያ ከጓሮው ያ ድምፅ መጣ። ክርርርክ።

"ይሄ ምንድነው ወንድም ዋለ?"

ነገርኳት።

"ቀኑን ሙሉ የምትውለው እዚያ ነው?" ፊቷ ተለወጠ። "ወንድሜ፣ ከሰው የለያትን ነገር እቤትህ ቆፍረህ አስቀመጥክላት እኮ!"

ምን ልበል? እኔም ትናንት ያልኩት እሱን አይደል? ኩሽና ገብቼ የወይራ ዘይቱን አመጣሁ፣ ትልቁን ጠርሙስ። ጸለየችበት። ጉልበቷ አይታጠፍላትም። "አንተ አፍስሰው፣ አባቷ ነህ" አለችኝ። ተንበርክኬ አፈሰስኩ። ለምግብ ሲሆን ሂሩት በማንኪያ ነው የምትለካው። እኔ እስኪንጠፈጠፍ ገለበጥኩት። ለልጄ ልሰስት?

"የያዛት ሁሉ ይልቀቃት!" ብላ ጮኸች። አሜን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

ውሃው አብለጨለጨ።

ሐሙስ፣ ሜይ 14

ምን አደረግኩ...

ውሃው ላይ የሚራመዱት ሁሉ ሰጥመዋል። በጎናቸው ተኝተው፣ እግራቸው ተጣብቆ። ጉርጦቹ የሉም። የዶቃው ክር፣ የጉርጦቹ ዕንቁላል፣ ጫፍ ጫፉ በዘይት ተለውሷል።

ኢያኤል ከትምህርት ቤት መጥታ አየች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጣቷን ነክራ አሸተተች። "ሁ ዲድ ዚስ?"

"እኔ እንጃ" አልኳት።

እንጃ! ከአፌ እንዴት እንደወጣ። "ጎረቤት ነው?" አለች። "የሚጮሁት አስጠልቶት ነው?" ገብታ በሯን ዘጋች።

አርብ፣ ሜይ 15

አልተነሳችም። በሩን ደበደብኩ፣ "አይም አፕ" እንኳን አላለችም። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጆች ከኋላዬ ሲንጫጩ ዋሉ።

ለሂሩት ነገርኳት። ሥራ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች ነበር፣ ማሰሪያውን ለቀቀችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? ልጄን ከመኝታ የሚያስነሳት እሱ ብቻ ነው እኮ!"

"ለጸሎት ነው ያደረግኩት።"

"እኔስ አልጸልይም? ጸልዬ ኪኒኗን አቀብላታለሁ፣ ጸልዬ ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። ዘይት ጓሮ አልደፋም!" ድምፅዋ ወረደ። "ንገራት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።"

ሥራ ደውላ ቀረች። የልጅቷ በር ሥር ፍራሽ አነጠፈች።

ቅዳሜ፣ ሜይ 16

ጠዋት ላጥበው ወሰንኩ። ዘይት በምን ይለቃል? በሳሙና ነዋ። ሰሃን የሚታጠብበትን ፈሳሽ ሳሙና ይዤ ወጣሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ልጨምቀው ስል...

"ዳድ! ኖ! ስቶፕ! ኖ ኖ ኖ!"

በባዶ እግሯ ከደጁ ዘላ መጣች፤ እናቷ ከኋላዋ። ሳሙናውን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ይሄ ይገድላቸዋል! የቀሩትን ሁሉ ይገድላቸዋል!" ከዚያ ሮጣ ገብታ የኩሽናውን የወረቀት ፎጣ ጥቅልሉን ሁሉ አመጣች። አንዱን ዘርግታ ውሃው ላይ በቀስታ አስተኛችው። ዘይቱን ጠጣ። አነሳችው። ሌላ። ሌላ። ሦስታችንም በሆዳችን ተኛን።

አሁን ነው አልኩ። "እኔ ነኝ ያፈሰስኩት። እህት ብዙነሽ መጥታ ነበር። ለጸሎት። ላንቺ።"

እጇ ቆመ።

"ውሸትህን ነው 'እኔ እንጃ' ያልከኝ?"

"አዎ።"

"ስለኔ ስትጸልዩ... እኔ ለምን አልነበርኩም?"

ሂሩት አፏን በመዳፏ ይዛ ታለቅሳለች። ኢያኤል ሌላ ወረቀት ዘረጋች። "ያንን በኩል ያዝ" አለችኝ። ያዝኩ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 19

አታናግረኝም። ግን በልታለች።

የዶቃው ክር ነጣ፣ ሞቷል ብላ ለእናቷ ነገረቻት። ጭራሮው ላይ የነበሩት የእንቁራሪቱ ዕንቁላሎች ግን ቀደም ብለው ተፈልፍለዋል። ጭራ ያላቸው ጥቁር ጥቃቅን ነገሮች፣ ምስር የሚያህሉ፣ ታች ጭቃው ውስጥ። ዘይቱ ሳያገኛቸው። ቁጭ ብዬ ብዙ ሰዓት አየሁ፣ ሳልናገር። እችላለሁ ለካ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 30

ውሃው ላይ የሚራመድ አንድ መጣ። ከየት እንደሆነ እንጃ፤ የአሁኑ እንጃ እውነተኛ ነው። ልጠራት በሯ ድረስ ሄድኩ። እጄን አነሳሁ... ተውኩት። ደግሞ እኔ ጎትጉቼ ላስወጣት? ራሷ ወጥታ አየችው። "ሄይ" አለችው። እኔን አይደለም፣ እሱን። ግን እዚያው ነበርኩ፣ አልሄደችም።

እሁድ፣ ጁን 7

እህት ብዙነሽን ከቸርች ይዤያት መጣሁ። ኢያኤል ናት "አምጣት" ያለችኝ። መንገዱን ሙሉ ፈራሁ። ልጄ ምን ልትላት ነው?

ወንበር አወጣችላት፣ ኩሬው ዳር። ከዚያ በሻይ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ፊቷ ላይ ያዘችላት። ውስጡ ጭራም የኋላ እግርም ያለው ፍጥረት ይዋኛል።

"ውይ በጌታ ስም! ምንድነው ይሄ?"

"ታድፖል ነው፣ እትዬ። የእንቁራሪት ልጅ። ከዘይቱ የተረፈ።"

ብዙነሽ ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች፣ ጠርዙ ላይ እስካሁን ቢጫ የሆነውን ድንጋይ አየች። ገባት። "ልጄ... ይቅር በይኝ። ለበጎ ብዬ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች ኢያኤል። ዓይኗ ግን አልሳቀም። "መጸለይ ትችያለሽ። እዚህ፣ እኔ ስሰማ። ዘይት ግን ኖ።"

ቦርሳዋን ገፋ አደረገችው እህት ብዙነሽ። ከዚያ እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ያላልኩትን አለች። "ምን ብዬ ልጸልይልሽ?"

ኢያኤል ብዙ አሰበች። አማርኛውን ስትፈልግ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ጠዋት... መነሳት። በጣም ከባድ ነው። ዳድ በር ሲመታ እሰማለሁ፣ እግሬን ማዘዝ አልችልም። ሰነፍ አይደለሁም። እሱ ቀለል እንዲልልኝ።"

ብዙነሽ ጸለየች፣ በቀስታ። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ። ይሄን በር ስንት ጊዜ ነው የደበደብኩት? እሷ ከውስጥ እየሰማች...

ሰኞ፣ ጁን 8

በአንድ ጣቴ አንኳኳሁ።

"ኢያኤልዬ። ዛሬ ከባድ ነው?"

"የስ።"

"በጣም?"

"በጣም።"

ለባስ ጣቢያው ደውዬ ዱጋሳ ዙሬን እንዲሸፍንልኝ ለመንኩት፤ እየተሳደበ እሺ አለ። በሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ የጓሮው ድምፅ ይሰማል፣ ያ የማበጠሪያው።

"ዳድ? አሁንም እዛ ነህ?"

"አለሁ።"

አልጋው ሲንቋቋ፣ ከዚያ እግሯ ወለሉን ሲነካ ሰማሁ።