አምስተኛዋ ማዞሪያ

ጥቅምት 3

የመጽሐፍ መደርደሪያ ፍለጋ ወጣሁ። መጻሕፍቱ መሬት ላይ ተደርድረው እርጥበት እየበላቸው ነው። የታችኛው ረድፍ ሻጋታ ጀምሮታል።

አሮጌ ዕቃ ከሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ ጎራ አልኩ። መደርደሪያ የለም። እግሩ የተሰበረ ቁም ሳጥን፣ ሦስት መጥበሻ፣ ቆሞ የቀረ የግድግዳ ሰዓት። ሰውዬው በሩ ጥግ ጥቁር ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሊያስተናግደኝ ሲነሳ ሣጥኑን አየሁት... የጊታር ማጉያ። በላዩ፣ በቀኝ ጥግ፣ የልብስ ካውያ ያቃጠለው ባለሦስት ማዕዘን ጠባሳ።

ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ዳቦም ረሳሁ።

ጥቅምት 4

እሱ ነው? አይደለም?

ያን ጠባሳ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በተጋባን ዓመት ነው። የባለቤቴን ሸሚዝ ስተኩስ በር ተንኳኳ፣ ካውያውን ማጉያው ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ስመለስ ይጨሳል። እሱ ሳቀ። «አሁን ገና ምልክት ያለው ሆነ፣ ቢጠፋም አይጠፋኝም» አለ።

ግን የኛ አራት ማዞሪያ ነበረው። ሁልጊዜ አቧራ የምጠርገው እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ። የዛሬው አምስት አለው። አምስተኛዋ ነጭ ናት፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ የተነቀለች የምትመስል። ስለዚህ አይደለም። በዓለም ላይ ካውያ የረሳሁ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወልኩ።

ጥቅምት 5

እንግዲህ ልጻፈው። ማንም አያነበው።

ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። ባለቤቴ ማታ ጊታር ለመጫወት ይወጣል፣ ቀን ደግሞ ቤት ይለማመዳል። ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። ልጃችን ከእንቅልፏ እየባነነች ታለቅሳለች። ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። «ቀንስልኝ» እለዋለሁ። «ሲቀነስ ድምፁ ይሞታል» ይለኛል። በየቀኑ ይኸው ነው። ቀንስልኝ፣ ይሞታል። ቀንስልኝ፣ ይሞታል።

አንድ ማክሰኞ እሱ በሌለበት አሮጌ ዕቃ ገዢ በር ላይ ጮኸ። ጠራሁት። ማጉያውን ሸጥኩለት፣ ገመዱን ጠቅልዬ ጭምር።

ባለቤቴ ሲመጣ ሌባ ገባ አልኩት። ሄዶ የበሩን ቁልፍ አየ። ያልተሰበረውን ቁልፍ። በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንኳን አንቺን አልነኩሽ» አለ።

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ለመጫወት ወጥቶ አያውቅም። ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የሰው ሬዲዮ ሲጠግን አረጀ። ቤታችን ጸጥ አለ... ያን ጸጥታ ነበር እኮ የፈለግሁት። ጸጥታው ሲበዛብኝ ከዱቄት ከረጢትና ከቀን መቁጠሪያ ላይ ፊደል መልቀም ጀመርኩ። ማንበብ የቻልኩት እንዲያ ነው። ማንበብ ራሱ ከዚያ ማክሰኞ የመጣ ነው።

ካረፈ አራት ዓመቱ። አልነገርኩትም።

ጥቅምት 7

ገዛሁት።

«እማማ፣ መደርደሪያ አልነበር እንዴ የፈለጉት?» አለኝ ባለሱቁ።

«ይሄን ነው የምፈልገው።»

«የጊታር ነው እኮ። ለቴሌቪዥን አይሆንም።»

«ይሠራል?»

«ይጮኻል።»

«ከየት አገኘኸው?»

«አንድ ሽማግሌ ሞቶ ልጆቹ ቤቱን ሲጠርጉ። ምነው፣ ፖሊስ ነዎት?»

«ነጯ ማዞሪያ ምን ትሠራለች?»

«እሷ ምርቃት ናት።»

በጋሪ አመጣሁት። ገና ሳላወርደው ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ባንድ ልትመሠርቺ ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰፈሩ ሁሉ አይቶሻል። የአባዬን ይመስላል?»

«ይመስላል» አልኩ።

«ያን ሌባ እኮ ዛሬም ባገኘው አልለቀውም።»

መጋረጃውን አስተካከልኩ። ምንም ያልተጣመመ መጋረጃ።

ጥቅምት 8

ሶኬት ላይ ሰካሁት። ከኋላው፣ አምፖል የሚመስሉት መስታወቶች ቀስ ብለው ቀሉ። የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ...

ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ። ጊታር ሳይሰካበት። እምምምም... ጥርስ የሚያሳክክ። አጠፋሁት። አበራሁት። ያው ነው።

ሃያ ሰባት ዓመት ጠብቆ ያኮረፈ ይመስላል።

ጥቅምት 11

የባለቤቴን የሬዲዮ ጥገና መጽሐፍ አወጣሁ። ሽፋኑ የለም። ዳር ዳሩን በእርሳስ ጽፎበታል፣ ሰባት ቁጥርን ወገቡ ላይ እየሰረዘ። መጀመሪያ ሰሞን ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ፊደል ከማይለይ ዓይኔ ጋር አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጎመን እከትፍ ነበር። አሁን እኔ ነኝ የማነበው። ግማሹ አይገባኝም።

የገባኝን ሞከርኩ። የጊታሩን ገመድ ነቀልኩ፤ ያጉረመርማል። አምስቱንም ማዞሪያ ዜሮ ላይ አደረግሁ፤ ያጉረመርማል። ነጯን ሳዞራት ደግሞ በተጨማሪ ትንኮሻኮሻለች፣ እንደ ደረቅ ቅጠል።

መጽሐፉ ላይ ሁሉንም በተራ ጻፍኩ። ከእሱ ጽሑፍ በታች።

ጥቅምት 14

ሽቦ ዘንድ ወሰድኩት። ጠጋኙ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ሁሉም ሽቦ ይለዋል፣ እሱም ተቀብሎታል። ባለቤቴን በስም ያውቀዋል እንጂ አላገኘውም።

የኋላውን ክዳን ፈታ። እጄን ስሰድ ጮኸብኝ። «እማማ! ከሶኬት ተነቅሎም ይነክሳል! ውስጡ መብራት ይዞ ያድራል።»

እጄን ሰበሰብኩ።

ወደ ውስጥ አጎንብሶ ቆየ። «ይቺ ነጭ ማዞሪያ የፋብሪካ አይደለችም። አንዱ ከመሐል ቆርጦ ነው ያስገባት። የማን እጅ ነው?»

«እንጃ።»

«ጥፋቱ እሷው ናት። ነቅዬ እንደ ጥንቱ ላድርገው።»

እንደ ጥንቱ። አራት ማዞሪያ። በሰጠሁበት ቀን እንደነበረው... ደስ አለኝ። «ንቀላት» አልኩ።

ከመሄዴ በፊት ጠየቅሁት። ጠጋኞች የሠሩትን ነገርና ቀኑን ዕቃው ውስጥ ጽፈው ይተዋሉ፣ ለሚቀጥለው ጠጋኝ። ባለቤቴ በከፈተው ሬዲዮ ሁሉ ያደርገው ነበር። «ጽሑፍ የለበትም?»

«አንድ ወረቀት ተለጥፏል፣ ግን አቧራና ቅባት ውጦታል። አይነበብም። ነገ ጠዋት እነቅላታለሁ፣ ከሰዓት ይምጡ።»

ጥቅምት 15

ከጎህ ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። የሆነ ነገር ይበላኛል። መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩ። ገጽ 88። ማዞሪያዎቹ ሁሉ ዜሮ ላይ ሆነው ድምፁ ካልተለወጠ ጥፋቱ ከማዞሪያዎቹ አይደለም፣ መብራት ከሚገባበት በኩል ነው ይላል። እኔው ራሴ ሞክሬ እኔው ራሴ ጽፌዋለሁ፤ ትናንት ግን አላልኩም። ሽቦ አለ፣ እኔም አልኩ።

ነጯ ያለ ጥፋቷ ልትነቀል ነው። ለሠራሁት ሌላ ተጠያቂ ማበጀትማ ለምዶብኛል።

ነጠላዬን እንኳ በአግባቡ ሳልለብስ ሮጥኩ። ስደርስ የብየዳው ካውያ ግሏል።

«ቆይ! አትንካት!»

«ምነው እማማ፣ ቤት ተቃጠለ?»

«ሁሉም ዜሮ ላይ ሆኖ ያጉረመርማል። ጥፋቱ ከመብራቱ በኩል ነው።»

ካውያውን አስቀመጠ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ኤሌክትሪክ መቼ ነው የተማሩት?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ሳቀ፤ ግን ሞከረው። ማዞሪያዎቹን ዜሮ ላይ አድርጎ አዳመጠ። አጠፋው፣ አንድ አዲስ ካፓሲተር፣ መብራት የሚያጠራቅመውን ጣሳ መሰል ዕቃ፣ አመጣና ከአሮጌው ጎን በሁለት ቁራጭ ሽቦ አሰረው። አበራው።

ጸጥ።

«እኔ ሽቦ!» አለ ግንባሩን መትቶ። «ያረጀው ካፓሲተር ነው። ማዞሪያዋ ምንም አላደረገች፣ መንኮሻኮሿ አቧራ ነው። እማማ፣ እዚህ ሥራ ይግቡ።»

አሮጌውን ሊነቅል ሲያጠፋው ወረቀቱን አሳየኝ። ከካፓሲተሩ ኋላ፣ የሣጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ። ጥጥ ለመንኩት። በደረቁ ቀስ ብዬ ጠረግሁ። አቧራው ለቀቀ። ቅባቱ ቀረ። ግን እርሳስ ነበር፣ እርሳስን ቅባት አይበላውም። መጀመሪያ የወጣው ሰባት ቁጥር ነው።

ወገቡ ላይ የተሰረዘ ሰባት።

«ኅዳር 17። ማዞሪያ ተጨመረ፣ ሲቀነስ ድምፁ እንዳይሞት። የገዢው ሚስት ጩኸት አትወድም። ይህን ቀድሜ ለራሴ ሠርቼው ቢሆን አይሸጥም ነበር።»

ዓመተ ምሕረቱንም ጽፎታል። እኔ ከሸጥኩ በዓመቱ።

«ያነቡታል?» አለ ሽቦ።

«አነበዋለሁ» አልኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ጥቅምት 16

ያውቅ ነበር።

ጥቅምት 17

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቆ ከእኔ ጋር በላ፣ ታመመ፣ ሞተ። ለምን አልጮኸብኝም? ስድብ አያጣም ነበር። አንድ ቀን በሳህን መምታት ምን ነበረበት?

ደግሞ ጥፋቱን ወደ ራሱ አዞረው። ቀድሜ ሠርቼው ቢሆን... እኔን የት አደረገኝ? ተናደድኩበት። ከሞተ አራት ዓመት ከሆነው ሰው ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ተጣላሁ። ድስት አሳረርኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ቤት ሬዲዮ ልጠግን እያለ የሚሄደው... ምሳ ሰዓት ወጥቶ ሲመሽ የሚመለሰው። ጣቶቹ ጫፋቸው ቀልቶ፣ ክር ሲመታ እንደዋለ ሰው። አንድ ሬዲዮ ስንት ቅዳሜ ይጠገናል?

አንዴም አልጠየቅሁም። ለካ ሁለታችንም አልጠየቅንም።

ጥቅምት 19

ልጄን ጠራኋት። ጫማዋን ሳታወልቅ ነገርኳት፣ ካወለቀችና ከተቀመጠች አፌ እንዳይያዝ ብዬ።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«ያን ሌባ ስንት ዓመት ነው የረገምኩት?» አለች።

«እኔን ነበር የምትረግሚው።»

«አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ! ‹ተይው፣ ልጄ፣ ቸግሮት ይሆናል› ይለኝ ነበር እኮ!»

ይህን አልሰማሁም ነበር። ቸግሮት ይሆናል... በሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ከነጫማዋ አጠገቤ ተቀመጠች። አላቀፈችኝም። አልሄደችምም። «ተናድጄብሻለሁ» አለች።

«ተናደጂ።»

«ቀላል አይምሰልሽ።»

«አይመስለኝም።»

ስትሄድ ጊታሩን ከግድግዳው አውርዳ ይዛ ሄደች። ክሩን ላስቀይር ብላ።

ጥቅምት 22

ሽቦ ማጉያውን ራሱ ይዞ መጣ። ክዳኑን አልዘጋውም። «የተሠራውን ልጽፍ ነው» አለ እርሳስ ከጆሮው ላይ እያነሳ።

«ስጠኝ።»

ከባለቤቴ ጽሑፍ በታች፣ በዚያች ጠባብ ቦታ አጎንብሼ ጻፍኩ። ፊደሎቼ ከእሱ ይተልቃሉ፣ እንደ ሕፃን።

«ጥቅምት 22። ካፓሲተር ተቀየረ። ነጯ ማዞሪያ አትነካ። ሌባ አልነበረም።»

ሽቦ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። ክዳኑን አጠበቀው። አምስቱንም ብሎን።

ልጄ አዲስ ክር የገባለትን ጊታር ይዛ መጥታ ሰካች። አባቷ ከሚጫወታቸው የአንዱን መጀመሪያ ብቻ ነው የምትችለው፤ እሱንም እየተደናቀፈች። ነጯ ዝቅ ብላ ነበር። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ግን አልሞተም። ወፍራም፣ ሞቃት፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያወራ የሚመስል።

«ይሰማሻል?» አለች።

«ይሰማኛል። ድገሚው።»

ስትደግመው ተነስቼ ሄድኩና ነጯን አዞርኳት። እስከ መጨረሻው። የዕቃ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሽቦ ጆሮውን ያዘ። በወዲያ በኩል ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ።

«እማዬ፣ ልቀንስ?»

«ተይው» አልኳት።