የጓሮው ዕቃ ቤት ሞቋል

ውድ አባዬ፣

ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ብለህ ወዲያው ለወንድሜ ስለምታቀብለው በወረቀት መጣሁብህ። መነጽርህን አድርግና ብቻህን አንብበው። ወንድሜ «ላንብብልህ» ካለ እንቢ በለው፤ እሱ ሲያነብ የሚያስቀውን ቦታ ይዘላል።

የጓሮው ዕቃ ቤት ሞቋል። ይኸው፣ ዋናውን ተናገርኩ።

ባለፈው የብርድ ወራት ሐኪሙ «ከእንግዲህ እዚያ ዕቃ ቤት ባዶ መሬት ላይ ሆነው እንዳይሠሩ፤ ሳንባዎ አይችለውም» ሲልህ አጠገብህ ነበርኩ። ቤት ገብተህ መጋዝህን ዘይት ቀባህ፣ በጨርቅ ጠቀለልከው፣ ከዚያ እጆችህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ሶፋው ላይ ተቀመጥክ። ዕድሜ ልክህን በርና መስኮት ስትሠራ የኖርክ ሰው፣ በገዛ ቤትህ እንግዳ መሰልክ። ሳምንት ሳይሞላ «ሥራ የፈታ እጅ ለቤት ሸክም ነው» ብለህ ወንድሜ ጋ ሄድክ። እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን እንደምትሠራ እንጃ። ወንድሜን ስጠይቀው «መስኮት ዳር ይቀመጣል» ነው የሚለኝ።

አባዬ፣ ናፍቀኸኛል። ለካ ጠዋት የምነቃው በመላጊያህ ድምፅ ነበር፤ አሁን በየቀኑ ሥራ አረፍዳለሁ።

አንድ ቀን ቢብስብኝ ባለቤቴን «ዕቃ ቤቱን ብርድ እንዳያስገባ አድርገን እንሥራው» አልኩት። አንተ «መቀስ» የምትለው ፀጉር አስተካካይ አማችህ ጣቶቹን አየና ደነገጠ።

«እኔ? ሚስማር መምታት አልችልም እኮ።»

«እኔ የአናጺ ልጅ ነኝ፤ አሳይሃለሁ።»

መጀመሪያ ሁሉም አማረልን። መሬቱን ደልድለን፣ እርጥበት እንዳያልፍ ወፍራም ላስቲክ አነጠፍን። በላዩ የሞራሌ እንጨት ደረደርንና መሃል መሃሉን በነጩ ፎም ሞላነው፤ ግድግዳውንም እንዲሁ። መቀስ ፎም ሲቆርጥ ብታየው! የደንበኛ ጭንቅላት ይመስል ዳር ዳሩን ያስተካክላል፣ ራቅ ብሎ ያያል፣ ብናኙን እፍ ይላል። መስታወት ማሳየት ብቻ ነበር የቀረው።

በመጨረሻ የወለሉ ጣውላ ቀረ። አንተ ሥራ ስትጀምር «መካሪ ሲበዛ ሚስማር ይጣመማል» እያልክ በሩን ትዘጋ የለ? እኛም ጎረቤታችን ነርሷ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ ምክሩን ስታበዛብን፣ ያንተን ደንብ አስታወስንና በሩን ዘጋን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከበሩ ሥር ጀምረን ጣውላውን እየመታን ጀርባው ግድግዳ ድረስ ደረስን። ሲያልቅ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ሄድኩበት። ከሥር የሚመጣ ብርድ የለም። እዚያ ቁጭ ብለህ ስትልግ ታየኝና ዓይኔ እንባ ሞላ።

«በይ ነይ፣ ነርሷን እንጥራና ታድንቀን» ብሎ መቀስ እጀታውን ሳበ። በሩ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሳበ። ያኔ ሁለታችንም ቁልቁል አየን። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ አዲሱ ወለል ደግሞ ከበሩ ታች ጫፍ አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሏል። በገዛ እጃችን ራሳችንን ቆልፈናል።

«የአናጺ ልጅ!» አለኝ።

«ዝም በል።»

በመስኮት ወጣን። እኔ ተሳካልኝ፤ መቀስ ሱሪው ተይዞ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ቀረ። ነርሷ አጥሩን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። «በሩስ እንዴት ሊሆን ነው ብያችሁ አልነበር?» አለች። እውነቷን ነው፣ ብላ ነበር።

በማግስቱ መቀስ ያንተን መጋዝ መንካት ፈርቶ ከሰፈር ሌላ ተውሶ መጣ። በሩን ነቅሎ ከሥሩ ሊቆርጠው ነው። ከለከልኩት። እኔ ከመወለዴ በፊት የሠራኸው በር ነው፤ አንድ ሚስማር የለበትም፣ እንጨት በእንጨት ነው የተያያዘው። የታችኛው መጋጠሚያ የት ላይ እንደሚያልቅ ከአንተ ሌላ የሚያውቅ የለም። ትንሽ ከተሳሳትን ይበታተናል።

«እሺ ሌላ አናጺ እንጥራ» አለ።

«አባቴ እያለ?»

«አባባ እኮ ሄደዋል» አለኝ ቀስ ብሎ።

በሩን ተደግፌ ቆምኩ። መጋዙን እንደያዘ ትንሽ አየኝና ሊመልሰው ሄደ።

እና አባዬ፣ አዝነንልህ ያደረግነው እንዳይመስልህ። ያላንተ አልሆነልንም። ቤቱም አልሆነልኝም። ሸክም ነኝ ያልከውን ሰምቼ ዝም ያልኩት አፌ ስለተሳሰረ ነው፤ አሁን ግን እልሃለሁ፦ ና። መቼ እንደምትነሳ ብቻ ንገረኝ፣ መናኸሪያ እቀበልሃለሁ። እስከዚያ በሩን ማንም አይነካውም፤ ነርሷም የፈለገችውን ያህል ትሳቅ።

በመስኮት እየገባች የምትጠብቅህ
ልጅህ