የሽመላዎቹን ጎጆ የመንገድ ምልክት ላደረጉልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የጨፌ ቡሎ የተፈጥሮ መዝናኛና የእግር መንገድ ፕሮጀክት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? በምረቃው ቀን ሪባኑን ቆርጠው በእንጨቱ መንገድ ላይ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ተጉዘው ሲመለሱ ላብ በላብ ሆነው ስላየሁዎ፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሐሳብ ገብቶኛል። እኛ ከአጥሩ ማዶ ቆመን ስናጨበጭብልዎ የነበርነው ሴቶች ደኅና ነን። ሥራ ስለሌለን የሚያደክመን ነገር የለም፤ ለዚህም ምስጋናው ለእርስዎ ነው።

ስሜ ጀዋሂር ሙሀመድሰዒድ ይባላል። ነዋሪነቴ አቃቂ በሰቃ ሲሆን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጨፌ ቡሎ ረግረግ ቄጠማ እያጨድኩ ለእንቁጣጣሹም፣ ለፋሲካውም፣ ለመውሊዱም፣ ለሠርጉም ሳቀርብ ኖሬያለሁ። ዛሬ ደግሞ በፓርክዎ በር ላይ ባስተከሉት ሰሌዳ መሠረት ወፍ አባራሪ ነኝ። ሰሌዳውን ላላዩ አንባቢዎች ልንገራቸውና፣ «ብርቅዬዎቹ ሽመላዎች በሕገ ወጥ ቄጠማ ቆራጮች ምክንያት አካባቢውን ለቀው ስለሄዱ ለቆራጮች መግባት ክልክል ነው» ይላል። ቀለሙ ጥሩ ቀለም ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ወርዶበት አንዲት ፊደል አልለቀቀም። ክቡርነትዎ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ነገሩ እንዳይጠፋዎት ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር ወር እኛን አሥራ አንዱን ቄጠማ አጫጆች አዳራሽ ጠርተው፣ የታሸገ ውሃ አስቀምጠውልን፣ «ጨፌው የእናንተ ነው፤ እኛ የመጣነው ልናግዛችሁ ነው» ብለውናል። መንገዱ ሲሠራ እኛው ጎብኚ እንደምንመራ፣ ቄጠማችንንም በየወቅቱ እንደምናጭድ በቃልዎ አረጋግጠውልናል። በዚያን ቀን የሁላችን ታላቅ የሆኑት እትዬ ሐጀራ፣ የሰውየው አፍ ማር ነው፣ እስቲ መጀመሪያ እጁን እንይ ቢሉ፣ ክንዳቸውን ይዤ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ። በእርስዎ ፊት እንዳያሳፍሩን ብዬ! አይ እኔ! ቃለ ጉባኤውንም ፈረምን። ቅጂ ስንጠይቅ ገና እየተተየበ ነው ተባልን፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲተይብ የኖረው ሠራተኛ ጣቶቹ እንዴት ሆነው ይሆን እያልን እናዝንለታለን።

ሁለተኛ፤ ይህኛው ይረዝማልና ይታገሡኝ። እኛ አንድ ልማድ አለን። በክረምት ሽመላ እንቁላል የጣለችበትን ጎጆ ያገኘች ሴት፣ አጠገቡ ያለውን ቄጠማ ጫፍ ለጫፍ ቋጥራ ትሄዳለች። ቋጠሮውን ያየች ሌላዋ ማጭዷን ሸሽጋ በሩቁ ትዞራለች፤ ጫጩቶቹ አድገው እስኪወጡ ድረስ እዚያ አካባቢ አይታጨድም፣ ጮክ ተብሎም አይወራም። ይህን ያስተማረን ፕሮጀክት አይደለም። ከጨፌው ዳር ከብት ከሚያረቡት የኦሮሞ ገበሬዎች የቀደሙን ሴቶች ተምረው ለእኛ ያቆዩን ነገር ነው።

ዓመቱ ተለውጦ መስከረም ሲገባ መንገዱን የሚለኩ ሦስት ባለሙያዎች ላኩልን። ክቡርነትዎ ከመኪናው አልወረዱም፤ ደግ አደረጉ፣ ጫማው አዲስ ነበር። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ፣ ማጡን በዱላ እየወጋሁ፣ ሰው የሚውጠውን መሬትና ሰው የሚሸከመውን ለአራት ቀን አሳየኋቸው። ቋጠሮዎቹንም አሳይቼ፣ ይህን ስታዩ ራቁ፣ አጠገቡ እንቁላል አለ አልኳቸው። መነጽር ያደረገው ባለሙያ በደብተሩ ሲጽፈው በዓይኔ አይቻለሁ። በአምስተኛው ቀን እህቴ ማረፏን ሰምቼ ለቅሶ ወደ ኮምቦልቻ ሄድኩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ስመለስ በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ቆሞ ጠበቀኝ። አሥራ ዘጠኝ ቋጠሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ችካል። ለካስ ክቡርነትዎ ከመኪናው ሳይወርዱ በአቅርቦ ማያ መነጽር አይተው፣ እነዚህ ሴቶች እንዳይሰጥሙ ለራሳቸው ያሰሩት የመንገድ ምልክት ነውና እሱን ተከትላችሁ ትከሉ ብለው አዘው ኖሯል። ባለሙያው ደብተሩን ገልጦ ሊያስረዳዎ ቢሞክር፣ የሴቶች ተረት አልሰማም አሉት አሉ። መቼም ስለ መሬቱ አልተሳሳቱም፤ ሽመላም ብትሆን ማጥ ላይ ጎጆ አትሠራም። እንዲህ አድርገው ከጎጆ ወደ ጎጆ የሚያደርስ የእንጨት መንገድ ሠሩልን።

ያን ዕለት ጭቃዬን ሳልታጠብ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ ዲዛይኑ ጸድቋል አለችኝ። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሳምንት ቢቀራቸው ነው ብላት፣ እሱ በሌላ የሥራ ክፍል የሚታይ ጉዳይ ነው ብላ በትሕትና መለሰችኝ። የትኛው ክፍል እንደሆነ ሳፈላልግ ሠራተኞቹ እንጨት ተሸክመው ገቡ። አብራኝ የምታጭደው እየሩሳሌም የተሰባበረውን ቅርፊት በነጠላዋ ጫፍ እየሰበሰበች ስታለቅስ አገኘኋት። እኔ ማልቀስም አፈርኩ፤ መንገዱን እየመራሁ ያስገባኋቸው እኔ ነኛ።

በቀጣዩ ክረምት አንዲት ሽመላ አልመጣችም።

ሦስተኛ፤ ሰሌዳው። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ የጨፌው ነገር ሲሆን ግን የሚናገረው ከመኪናው ያልወረደው ሆነ። ወፎቹ ለምን ሄዱ ተብለው ከበላይ አካል ሲጠየቁ የእኛን ማጭድ ጠቆሙ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረናቸው ስንኖር ያልሸሹ ወፎች፣ መዶሻና መጋዝ በገባ በዓመቱ ማጭድ ፈርተው ጠፉ ማለት ነው። ወይ ጉድ! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጥርሱ እስከዚህ ጠልቆ እንደሚገባ ግን አላውቅም ነበር።

አራተኛ፤ በምረቃው ቀን በድንኳኑ ውስጥ፣ ከክቡርነትዎ ወንበር ሥር፣ በአይሱዙ ተጭኖ ከሌላ አገር የመጣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ አይቻለሁ። ሁለት ቀን ያደረና የጠወለገ ነበር። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አምስተኛው ከእርስዎ ይልቅ እኔን ነው የሚያሳፍረኝ። ሰሌዳው የተተከለ ዕለት እትዬ ሐጀራ በሰው ፊት፣ አንቺ ነሽ ያስገባሻቸው፣ ስንት ሰጡሽ አሉኝ። አልዋሹም፤ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፣ የሰጠኝ ግን የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥሩም ሴቶች ሰላምታዬን አይመልሱም፤ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ነጠላቸውን ስበው ያልፋሉ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ እኔን ቢከዱኝ ባዕድ ነዎትና እችለዋለሁ። አብረውኝ ማጥ ሲረግጡ የኖሩት እህቶቼ ከሃዲ ሲሉኝ ግን አንጀቴ ነው የሚቆረጠው።

ስለዚህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሰሌዳው ይነሣ። አሥራ አንዳችንም ወፍ እንቁላል በማትጥልበት ወራት ገብተን እንደ ቀድሞው እንጨድ። ችካሎቹ በማን ትእዛዝ እንደ ቆሙ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፈው በዚያው በር ላይ ይለጥፉልኝ፤ ወረቀቱን የሴቶች ተረት ነው ካሉት ደግሞ እኔው በራሴ እጅ ጽፌ አመጣለሁ፣ እርስዎ ይፈርሙበት።

ይህን ያህል የከበረ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ አላህ ረጅም ዕድሜ ሰጥቶዎት በሠሩት መንገድ ላይ እስከ መጨረሻው ለመሄድ የሚበቃ ጉልበት እንዲያድልዎ ዘወትር የምጸልይልዎ፣ ቀድሞ የጨፌው መንገድ መሪ፣ አሁን በመዝገብዎ ሕገ ወጥ የሆንኩት፣

ጀዋሂር ሙሀመድሰዒድ
አቃቂ በሰቃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ምክትልዎ ደውለውልኝ ነበር። ከገላን ኮንዶሚኒየም ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ጎብኚዎች ወፍ ለማየት በተሠራው ማማ ላይ ወጥተው አንድም ሽመላ ሳያዩ እየተመለሱ ስላማረሩ፣ ወፎቹ የገቡበትን ካሳየሁ ለእኔ ብቻ የአስጎብኚ ዩኒፎርምና የመግቢያ ካርድ እንደሚሰጠኝ ነገሩኝ። ካርዱ በማግሥቱ ፎቶዬ ተለጥፎበት መጣ፤ የተከበሩ ምክትልዎ ከቃለ ጉባኤው ይልቅ ካርድ ማሳተም እንደሚቀናቸው አይቼ ደስ ብሎኛል። ካርዱን ወስጄ ለእትዬ ሐጀራ አሳየኋቸውና ለምን እንደተሰጠኝ ነገርኳቸው። አገላብጠው አዩት፤ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ በይ አሉኝ። ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሼልዎታለሁ። ሽመላዎቹ የት እንደገቡ አሥራ አንዳችንም እናውቃለን። አንነግርዎትም።